አፍን በቤት ውስጥ መመልከት፦ ከከንፈር እስከ እንጥል

መንዝ ውስጥ በጤና ጣቢያ በምሠራበት ጊዜ አንዲት አያት የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን እጁን ይዘው መጡ። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያተኩሰው ሰንብቷል፤ ምግብም መዋጥ አቅቶታል። «እንጥሉ ወርዶበት ነው፤ የሚቆርጥ ሰው ሰፈር ድረስ መጥቶልን ነበር፤ አባቱ እንቢ ስላለ ነው ወደናንተ ያመጣሁት» አሉኝ። የልጁን አፍ ከፍቼ ስመለከት እንጥሉ ደህና ነበር፤ በግራና በቀኝ ያሉት ቶንሲሎቹ ግን አብጠው፣ ቀልተውና ነጭ መግል አውጥተው ነበር። አያቲቱን አጠገቤ አቁሜ በመጀመሪያ የልጁን፣ ቀጥሎም በመስታወት የራሳቸውን እንጥል አሳየኋቸው። «እንዴ፣ የእኔም ተንጠልጥሎ ነው እንዴ የኖረው!» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አፋቸው ውስጥ የነበረውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ቀን ነው።

አብዛኛው ሰው ጤናማ አፍ ምን እንደሚመስል አይቶ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ጤናማውን አካል ሕመም ነው ብሎ ያስቆርጣል፤ እውነተኛውን ሕመም ደግሞ ምንም አይደለም ብሎ ያሳድረዋል። ይህ መመሪያ ሐኪምን የሚተካ አይደለም፤ ዓላማው ማንም ሰው የራሱንና የቤተሰቡን አፍ በሥርዓት ተመልክቶ የእያንዳንዱን ክፍል ስም፣ ቦታና ሥራ እንዲለይ፣ ያልተለመደ ነገር ሲያይም በጊዜ እንዲያውቀው ነው።

ዝግጅት

አፍን ለማየት ዋናው መሣሪያ ብርሃን ነው። በደጋው የሰሜን ሸዋ ክፍል ቤት የሚሠራው ብርድን ለመከላከል ታስቦ ስለሆነ መስኮቱ ጠባብ፣ ውስጡም ጨለማ ነው። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል በርጩማ ወደ ደጅ አውጥተው፣ የሚታየውን ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙረው ያስቀምጡና ዓይኑን እንዲጨፍን ይንገሩት። የድድና የምላስ ቀለም በትክክል የሚታየው በቀን ብርሃን ነው፤ የስልክ ባትሪ ወደ ጉሮሮ ጠልቆ ለማየት ይጠቅማል እንጂ ቀለምን ያሳስታል።

ሁለት የሻይ ማንኪያዎችን በሚፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ቀቅለው ያቀዝቅዙ። ትንሽ የእጅ መስታወት፣ የታጠበና የተተኮሰ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ፣ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ያዘጋጁ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሰውየው አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ያውልቀው። ቡና ከተጠጣ ወይም በሸዋ ሮቢት በኩል እንደሚደረገው ጫት ከተቃመ በኋላ ወዲያው አይመልከቱ፤ የሚያዩት ቀለም የአፉ ሳይሆን የተበላው ነገር ይሆናል።

ሕፃን ልጅ ከሆነ የሚያስፈልጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ልጁ እግሮቹን በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ አድርጎ ወደ ኋላ በመተኛት ራሱን በሚያየው ሰው ጭን ላይ ያሳርፋል። እናቱ እጆቹን ትይዛለች፤ ፊቷንም ስለሚያይ አይፈራም።

ከውጭ መጀመር

አፍ የሚጀምረው ከከንፈር አይደለም። የሁለቱን እጆችዎን አመልካች ጣቶች ከሰውየው ጆሮዎች ፊት ለፊት ያስቀምጡና አፉን ቀስ ብሎ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ይጠይቁት። ከጣቶችዎ ሥር የታችኛው መንጋጭላ አናት ወደ ፊት ሲንሸራተትና ሲመለስ ይሰማዎታል። የላይኛው መንጋጭላ ከራስ ቅል ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ በማኘክም በመናገርም የሚሠራው የታችኛው ብቻ ነው። ጤነኛ አዋቂ አፉን እስከ መጨረሻው ሲከፍት የራሱ ሦስት ጣቶች ተደራርበው በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶች መካከል ሊገቡ ይገባል። ሕመም የሌለው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብዙ ሰው ላይ ስለሚሰማ አያስደነግጥም።

ከጆሮ በታች፣ ከመንጋጭላ ጥግ አካባቢ ትልቁ የምራቅ ዕጢ አለ፤ ጆሮ ደግፍ ሲይዝ የሚያብጠው እሱ ነው። ቀጥሎ የጣቶችዎን ጫፍ ከአገጭ ሥር አንሥተው እስከ አንገት ድረስ በቀስታ እየዳሰሱ ይሂዱ። ንፍፊት ካለ እንደ ባቄላ ፍሬ ከጣት ሥር ይንሸራተታል። የሚያምና የሚንሸራተት ንፍፊት አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ወይም የጉሮሮ ቁስለትን ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ የማያም፣ ጠንካራ፣ ከቦታው የማይነቃነቅና እያደገ የሚሄድ ከሆነ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከንፈርና የጉንጭ ውስጥ

የከንፈሩ ቀይ ክፍል ከፊት ቆዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር ጥርት ያለ መሆኑን ይመልከቱ። ይህ ቀይ ክፍል የላብ ዕጢ የለውም፤ ሽፋኑም ስስ ስለሆነ በደጋው ነፋስና ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በተለይ ለፀሐይ የተጋለጠው የታችኛው ከንፈር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በእርሻ ላይ የዋለ ሰው ከንፈር ላይ የማይድን ሻካራ ቦታ ካለ ሊናቅ አይገባም። ከንፈር ላይ ተሰብስቦ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ብዙ ሰው ምች የሚለው ነው፤ መንስኤው አንዴ ከገባ በኋላ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ሲሆን ትኩሳት፣ ድካምና ኃይለኛ ፀሐይ ይቀሰቅሱታል።

አሁን የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ይዘው ወደ ታች ይገልብጡ። የከንፈሩን ውስጥ በጨርቁ በደንብ አድርቀው ሳይነኩት አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ጤዛ የመሰሉ ጥቃቅን ጠብታዎች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ሲሉ ያያሉ። እነዚህ በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ ላይ በመቶዎች ተበትነው ከሚገኙት ትናንሽ የምራቅ ዕጢዎች የሚወጡ ናቸው። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን ሳየው ይደንቀኛል። ልጆች ካሉ ያሳዩአቸው፤ አፋቸውን ለማሳየት የሚፈሩት ሳይቀር በራሳቸው ከንፈር ላይ ለማየት ይሽቀዳደማሉ።

ጉንጩን በማንኪያው ጀርባ ወደ ውጭ ገፋ ያድርጉ። ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ትንሽ የሥጋ ጉብታ አለች፤ ከጆሮ ሥር ያለው ትልቁ ዕጢ ምራቁን ወደ አፍ የሚያፈስሰው በእሷ በኩል ነው። ብዙ ሰው በምላሱ አግኝቷት «እባጭ ወጣብኝ» ብሎ ይመጣል። ጥርሶች በሚገጥሙበት ልክ በጉንጭ ላይ የሚታይ ቀጭን ነጭ መስመርና እንደ ጤፍ ፍሬ የተበተኑ ቢጫ ነጠብጣቦችም ጤናማ ናቸው። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጉንጭ ውስጥ ጉም የመሰለ ነጣ ያለ ሽፋን ይዘወተራል፤ ጉንጩ ሲወጠር የሚጠፋ ከሆነ ችግር የለበትም። ሲወጠርም ሆነ በጨርቅ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ቦታ ግን መታየት አለበት።

ድድ

በውጭ አገር የተዘጋጁ የማስተማሪያ ሥዕሎች ድድን ሁልጊዜ ሮዝ አድርገው ያሳያሉ፤ ይህም የእኛን ሰው ያሳስታል። ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም ድድ ውስጥም ስላለ ቡናማ ወይም ዥንጉርጉር ድድ ለብዙዎቻችን ተፈጥሯዊ ነው። በዕድሜ የገፉ እናቶች ዘንድ ደግሞ ለውበት ተብሎ በመርፌ የተነቀሰ፣ ሰማያዊ ጥቁር ድድ ይታያል። ንቅሳቱ ራሱ በሽታ አይደለም፤ አደጋው አንዱ መርፌ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ማስተላለፉ ነው።

ስለዚህ ድድን ሲያዩ ከቀለሙ ይልቅ ቅርጹን ይመልከቱ። ጤናማ ድድ ጠንከር ያለ፣ ጫፉ ስስ ሆኖ በየጥርሱ አንገት ዙሪያ በግማሽ ክብ የተከረከመ፣ በጥርሶች መካከልም ሹል ሆኖ የሚገባ ነው። የታመመ ድድ ጫፉ ያብጣል፣ ይላላል፣ ሲፋቅ ይደማል። ሲደማ ብዙ ሰው ያንን ቦታ መፋቅ ይተዋል፤ ይህ ነገሩን ያባብሰዋል፤ የሚያደማው ከጥርሱ አንገት ላይ የተከማቸው ቆሻሻ ነውና። የወይራ መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ሲለሰልስ፣ አፋፋቁም ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ሲሆን ይጠቅማል። ወደ ጎን በኃይል ሲገዘገዝበት ድዱን ወደ ኋላ ያሸሸዋል፤ የጥርሱ ሥርም ይገለጥና ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰቀጥጣል።

ጥርስ

ጥርስን ለመቁጠር አፉን በአራት ይክፈሉት፤ ላይ ቀኝ፣ ላይ ግራ፣ ታች ግራ፣ ታች ቀኝ። በእያንዳንዱ ክፍል ከመሐል ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በአዋቂ አፍ 1ኛውና 2ኛው የፊት ጥርሶች ሲሆኑ ሥራቸው መቁረጥ ነው። 3ኛው ክራንቻ ነው፤ ከሁሉም ረጅም ሥር ያለው እሱ ሲሆን ጥብስ ስንግጥ የሚያግዘን ነው። 4ኛውና 5ኛው ቅድመ መንጋጋዎች፣ 6ኛው፣ 7ኛውና 8ኛው መንጋጋዎች ናቸው። ሁሉም ሲሟሉ 32 ይሆናሉ። 8ኛው ከ17 ዓመት በኋላ ዘግይቶ የሚወጣ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ጭራሽ አይወጣም፤ ስለዚህ 28 ቢቆጥሩ ጥርስ ጎደለ ማለት አይደለም። የልጅ የወተት ጥርሶች 20 ናቸው፤ በስድስት ወር አካባቢ መውጣት ይጀምሩና እስከ ሦስት ዓመት ይሟላሉ።

ወላጆች ከሁሉ ይልቅ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ስለ 6ኛው ጥርስ ነው። ይህ ጥርስ በስድስት ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶች ሁሉ ኋላ ይወጣል፤ የሚተካው ጥርስ ስለሌለ ምንም ነገር ሳይነቀል ድምፁን አጥፍቶ ይመጣል። ቤተሰቡም «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ብሎ ይተወዋል። ከላይ ያነሣሁት ልጅ በዚያን ቀን አፉ ውስጥ ገና ብቅ ያለ 6ኛ ጥርስ ነበረው፤ በማኘኪያው ገጽ ላይ ካሉት ጭረቶች መካከል የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ቀዳዳ ጀምራ ነበር። አያቱ ስለ እንጥሉ ሲጨነቁ ዕድሜ ልክ የሚያኝክበት ጥርስ እየተበላ ነበር። ስለዚህ ልጅዎ ስድስት ዓመት ሲሞላው በእያንዳንዱ ክፍል ከኋላ ያለውን ጥርስ በማንኪያ ጉንጩን ገፍተው ይመልከቱ፤ ገጹን አድርቀው በጭረቶቹ ውስጥ ኖራ የመሰለ ነጣ ያለ ወይም ጥቁር ነገር ካለ ሳይውል ሳያድር ያሳዩ።

ጥርስ ከውጭ የሚታየው ነጭ ልባሱ ኢናሜል ይባላል። በሰው ገላ ውስጥ ከአጥንት ጭምር የሚጠነክረው እሱ ነው፤ ሕያው ሕዋስ ስለሌለው ግን ከተቦረቦረ አይተካም፣ አያምምም። ከሥሩ ዴንቲን የሚባል ቢጫ ክፍል አለ፤ በውስጡ በዓይን የማይታዩ ቱቦዎች ስላሉ ቅዝቃዜና ጣፋጭ ሲነካው የሚሰማን በእነሱ በኩል ነው። ከሁሉም ውስጥ ነርቭና የደም ሥር የያዘው ለስላሳ ክፍል ይገኛል። «ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ በሕክምናም በኩል እውነት አለው፤ ቀዳዳው ኢናሜሉን ሲበላ ዝም ብሎ ቆይቶ የሚጮኸው ወደ ውስጥ ከደረሰ በኋላ ነውና። ጥርስን የሚበላው ትል አይደለም፤ በጭስ ታጥኖ ወጣ ተብሎ የሚታየውም ትል ከጥርስ የመጣ አይደለም። በጥርስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱ ኢናሜሉን ያሟሟል። በቀን ውስጥ ደጋግሞ ስኳር የበዛበት ሻይ መጠጣት በአንድ ጊዜ ብዙ ከመጠጣት የሚከፋው ምራቅ አሲዱን አጥቦ የሚጨርስበት ፋታ ስለሚያጣ ነው።

የመንዝ ገብስ ቆሎ ለጥርስ ጠላት አይደለም፤ ውስጡ የቀረ ጠጠር ግን መንጋጋን ይሰነጥቃል። ሲነከስ ሳይሆን ንክሻው ሲለቀቅ ቀጭ አድርጎ የሚያም ጥርስ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ልጅነቱን በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ ወይም በመተሐራ አካባቢ ያሳለፈ ሰው ጥርሱ ቡናማ ከሆነ ቆሻሻ ነው ብለው በአሸዋ ወይም በአመድ እንዲፈትግ አይምከሩት፤ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ በውሃው ውስጥ የነበረው ፍሎራይድ ያመጣው ስለሆነ በመፈተግ አይለቅም።

ምላስና ከምላስ ሥር

ምላሱን እንዲያወጣ ይጠይቁት፤ በቀጥታ ወደ ፊት መውጣት አለበት። ወደ አንድ ጎን ከታጠፈ ምላስን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚያ በኩል ደክሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። የምላስ ጀርባ እንደ ምንጣፍ የሚሻክረው ጣዕም በማይለዩ ጥቃቅን ጉብታዎች ስለተሸፈነ ነው፤ በመካከላቸው የተበተኑት ቀያይ ነጥቦች ጣዕም ይለያሉ። በስተኋላ ደግሞ በሰልፍ የተደረደሩ ስምንትም አሥርም የሚሆኑ ትላልቅ ክብ ጉብታዎች አሉ፤ እነሱን በመስታወት አይቶ ዕጢ ወጣብኝ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ጣፋጭ በምላስ ጫፍ፣ መራራ በኋላ ብቻ ይቀመሳል የሚለው ትምህርት ስሕተት ነው፤ ሁሉም ጣዕም የጣዕም ጉብታ ባለበት ቦታ ሁሉ ይለያል።

የምላሱን ጫፍ በጨርቁ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳብ እያደረጉ ጎኖቹን እስከ ኋላ ድረስ ይመልከቱ። ይህን እርምጃ ፈጽሞ አይዝለሉት። የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው ወለል የአፍ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚጀምርባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ሲጀምርም አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

ከዚያም ምላሱን ወደ ላንቃው ያንሣ። በመሐል ምላስን ከወለሉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ልጓም አለ፤ ግራና ቀኝ የሚታዩት ወፍራም ሰማያዊ ሥሮች የደም ሥሮች ናቸው፤ በአረጋውያን ላይ ጎልተው ቢታዩም ተፈጥሯዊ ናቸው። ከልጓሙ ሥር ሁለት ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። ሎሚ እያሳዩት ቢጠብቁ ምራቅ ከእነሱ ሲፈልቅ ያያሉ። የአዋቂ ሰው ምራቅ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይደርሳል። ምግብ ሲበሉ ከአገጭ ሥር የሚያብጥና ቀስ ብሎ የሚመለስ ነገር ካለ በዚህ የምራቅ መንገድ ላይ ጠጠር ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል።

ላንቃ፣ እንጥልና ጉሮሮ

ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል ያድርግ። የላንቃው የፊት ክፍል አጥንት ያለበት ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ከፊት ጥርሶች ኋላ ሽብሽብ አለው። መሐሉ ላይ እንደ አጥንት የጠነከረ፣ የማያምና ለዓመታት ያልተለወጠ እብጠት አንዳንድ ሰው ላይ ይገኛል፤ የራሱ የአጥንት ጉብታ ስለሆነ አይነካም። ከኋላ ያለው ክፍል ጡንቻ ብቻ ነው፤ በዚህ ለስላሳ ላንቃ ጫፍ የተንጠለጠለው እንጥል ነው።

የለስላሳውን ላንቃ ሥራ በራስዎ ላይ ለማወቅ «ምምም» እያሉ አፍንጫዎን በጣት ይዝጉ፤ ድምፁ ወዲያው ይቆማል። አሁን «ስስስ» እያሉ ይዝጉ፤ አይቆምም። «ም» ስንል ላንቃው ዝቅ ብሎ አየሩ በአፍንጫ ይወጣል፤ «ስ» ስንል ከፍ ብሎ የአፍንጫውን መንገድ ይዘጋል። ውሃ ስንውጥ በአፍንጫችን የማይወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንጥልም የዚህ መዝጊያ አካል ነው፤ የራሱም የምራቅ ዕጢዎች አሉት።

የማንኪያውን ጀርባ ከምላሱ መካከለኛ ክፍል ሳያሳልፉ በቀስታ ይጫኑና «አአአ» እንዲል ይንገሩት። ወደ ኋላ ከገፉ ያቅለሸልሸዋል። እንጥሉ ከመሐል ሳይወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። እንጥል በተፈጥሮው ይንጠለጠላል፤ አንዱ ሰው ላይ አጭር፣ ሌላው ላይ ረጅም ነው። «ወረደ» የሚባለው ጉሮሮ ሲቆጣ እሱም አብሮ ስለሚያብጥና ስለሚረዝም ነው፤ ጉሮሮው ሲድን ይመለሳል። ቢቆረጥ ግን ደሙ አልቆም ብሎ፣ ቁስሉ መርዞ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ልጁ ሊሞት ይችላል።

ከእንጥሉ ግራና ቀኝ ከተጋረጡት እጥፋቶች መካከል ቶንሲሎቹ ይታያሉ። ልጆች ላይ ትልቅ መሆናቸው ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ትኩሳት፣ መቅላትና መግል አብረው ሲመጡ ግን ሊታከሙ ይገባል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ አንዳንዱ የባክቴሪያ ቶንሲል ሳይታከም ሲቀር ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያንና የልብ ቫልቭን የሚያጠቃ በሽታ ያስከትላል። ለእንጥል ቆራጭ የሚከፈለው ዋጋ ከቁስሉም በላይ ይህ ነው፤ ቤተሰቡ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ ሲቀመጥ እውነተኛው ሕመም ይቀጥላል።

በሕፃናት ላይ የሚደረገው ግግ ማውጣትም እንዲሁ ነው። በስድስት ወር አካባቢ ድድ ላይ ነጣ ብሎ ጉብ የሚለው ሊወጣ የተቃረበው ጥርስ ነው። በዚያው ዕድሜ ሕፃኑ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተት ስለሚጀምር ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ተቅማጡን ጥርሱ ያመጣው ይመስላል። በስለት ሲቆፈር የወተቱ ጥርስ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ጽንስም ይጎዳል። ተቅማጡ የሚፈልገው የጡት ወተትና ኦ አር ኤስ ነው።

ያዩትን መጻፍና ማሳየት

በደብተር ላይ ቀኑን፣ የሰውየውን ስም፣ የጎደሉና የተበሉ ጥርሶችን ለምሳሌ «ታች ግራ 6» ብለው ይጻፉ፤ ቁስል ካለ ቦታውንና ስፋቱን በጤፍ፣ በምስር ወይም በባቄላ ፍሬ መጠን ይግለጹ። ይህን በሦስት ወር አንዴ መድገም ይበቃል። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ቦታ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መደንዘዝ ወይም በአዋቂ ላይ ያለ ምክንያት የተነቃነቀ ጥርስ ካገኙ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የጥርስ ሕክምና ከሌለው ወደ ሆስፒታል እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ከምላስ ሥርና ከአገጭ ሥር በአንድነት ያበጠ፣ የራሱን ምራቅ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የታፈነ ወይም አፉን መክፈት የተሳነው ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ የተነሣ መግል የመተንፈሻውን መንገድ በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላልና መኪና ፈልገው ወዲያውኑ ይውሰዱት፤ በመንገድም ላይ ቀና አድርገው ያስቀምጡት እንጂ በጀርባው አያስተኙት።